ፍንዳታ የማያስነሳ ሴንሰር ደጅ ሲውል

ክዳኑን ሁለት ዙር እንዳላላሁት ውኃ በጣቶቼ መሀል ወረደ። ጠብታ አይደለም፤ ግማሽ ብርጭቆ ይሆናል። ሴንሰሩ የጋዝ ቧንቧ ላይ የተገጠመ የግፊት መለኪያ ነው። ቀፎው ወፍራም አሉሚኒየም ነው፤ ሰሌዳው ላይ የፍንዳታ ጥበቃ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ተቀርጿል። ከተተከለ ገና ዓመት አልሞላውም። ውስጡን ስናየው ግን የሽቦ ማሰሪያዎቹ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ከሥር ደግሞ ውኃው ተኝቶ የከረመበት መስመር ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

የሄድነው ከመቆጣጠሪያ ክፍል "ንባቡ ይዘላል፣ እስቲ እዩልን" ተብለን ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ ሥራ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ቀፎውን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። "ይሄ እኮ ኤክስፕሎዥን ፕሩፍ ነው! ውኃ እንዴት ገባው?" አለኝ።

እኔም ሥራ ስጀምር እንደሱ ነበር የማስበው። ስሙ ከባድ ነው፣ ቀፎውም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ይችላል ብሎ ማመን ይቀላል። ነዳጅና ጋዝ ባለበት ግቢ፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ፣ ሴንሰር ስተክልና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያጋጠመኝ ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሴንሰሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ደህና ነው። የሚበላሸው እኛ ስንገጥመው፣ ስንከፍተውና ስንዘጋው ነው። ቤት ውስጥ ቢሆን ያጎደልነው ነገር ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ደጅ ሲሆን ግን ዝናቡና ፀሐዩ ፈልገው ያገኙታል።

መጀመሪያ ስሙን ላፍታታው፤ ብዙ ጥፋት የሚጀምረው ከስሙ ነውና። "ኤክስፕሎዥን ፕሩፍ" ሲባል ሴንሰሩ ከውጭ የመጣ ፍንዳታ ይቋቋማል ማለት አይደለም። ውኃ አያስገባም ማለትም አይደለም። ማለት የተፈለገው ሴንሰሩ ራሱ በዙሪያው ያለውን ጋዝ የሚያቀጣጥል እሳት አይሆንም ነው። ውኃና አቧራ የሚመለከተው ሌላ ቁጥር አለ፤ አይፒ የሚባለው። አይፒ66 ከሆነ አቧራ አያስገባም፣ በኃይል የሚረጭ ውኃም ይቋቋማል። አይፒ67 ከሆነ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ቢቆይ ይችላል። ሁለቱን ምልክቶች ለየብቻ ማንበብ ነው። አንዱ ስላለ ሌላው አለ ብሎ መገመት አያዋጣም።

ፍንዳታ የሚከላከሉበት መንገድ ብዙ ነው። ሴንሰር ላይ በብዛት የምናገኘው ግን ሁለቱን ነው።

አንደኛው "ዲ" ተብሎ የሚጻፈው ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ይህ ቀፎ ጋዝ እንዳይገባበት ተብሎ አልተሠራም። ጋዝ ሊገባ ይችላል። ውስጥ ብልጭታ ቢፈጠር ውስጡ ሊፈነዳ ይችላል። ቀፎው ግፊቱን ይሸከማል። ትኩሱ ጋዝ የሚወጣው በክዳኑና በቀፎው መሀል ባለችው ቀጭን ክፍተት፣ ክዳኑ በሚጠመዘዝባቸው ጥርሶች ውስጥ ተጠማዞ ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ብረቱ ሙቀቱን ይወስድበታል። ውጭ ሲደርስ ደጅ ያለውን ጋዝ ለማቀጣጠል አቅም አይኖረውም። ሀሳቡ ያረጀ ነው፤ በ1815 እ.ኤ.አ. ሃምፍሪ ዴቪ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች የሠራው ፋኖስም በሽቦ ወንፊት ነበልባሉን ያቀዘቅዝ ነበር። የመንገዷ ጥበት እንደ ጋዙ ይለያያል። የፕሮፔንን ነበልባል ለማስቆም በሙከራ የሚፈቀደው ትልቁ ክፍተት 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሃይድሮጅን ሲሆን ወደ 0.3 ሚሊሜትር ይወርዳል። ሰሌዳው ላይ ቱ-ኤ፣ ቱ-ቢ፣ ቱ-ሲ እየተባለ የሚጻፈው የጋዝ ምድብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮፔን ቱ-ኤ ነው፣ ኤትሊን ቱ-ቢ፣ ሃይድሮጅንና አሴትሊን ቱ-ሲ።

ስለዚህ የክዳኑ ጥርስ ተራ ጥርስ አይደለም። የጥበቃው ዋና አካል እሱ ነው። በካቻቢቴ የተፋቀ፣ በቀለም የተደፈነ፣ አሸዋ የገባበት ጥርስ ሥራውን አይሠራም። ይህን አንዴ ከተረዳችሁ ክዳን የምትይዙበት መንገድ ራሱ ይለወጣል። እኔ ክዳን ስፈታ መሬት ላይ አላስቀምጥም። ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቼ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

ሁለተኛው "አይ" የሚባለው ነው። ይህኛው ቀፎ ላይ አይመካም። ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ራሱን ያሳንሰዋል። ሽቦ ቢበጠስ፣ ቢነካካ፣ የሚፈጠረው ብልጭታ ጋዝ ለማቀጣጠል አይበቃም። ሃይድሮጅንን ለማቀጣጠል የሚበቃው ጉልበት 0.02 ሚሊጁል ገደማ ነው፤ ፕሮፔን 0.25 ገደማ ይፈልጋል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው የምንጠብቀው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ውኃው። ኤሌክትሪኩን አጥፍተን፣ ጋዝ አለመኖሩን ለክተን፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቀን ነው የከፈትነው። ሥራ ያስተማረኝ አንጋፋ ቴክኒሻን ሁሌ "ልጄ፣ አንተ ስላጠፋኸው አልጠፋም፤ ውስጡ ያለውን ጠብቀው" ይለኝ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር እስኪፈስ፣ የጋለ ነገር እስኪቀዘቅዝ ማለቱ ነው። ዛሬ ለልጆቹ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብንም። ቀፎው ሁለት የኬብል መግቢያ ቀዳዳ አለው። በአንዱ ኬብል ገብቷል። ሁለተኛው ሥራ የለውም። እሱን የዘጋው ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ቀይ ፕላስቲክ ነው። ያ ፕላስቲክ በመጓጓዣ ወቅት አቧራ እንዳይገባ የሚደረግ ክዳን ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሴንሰሩ ሲገጠም ቀዳዳው ወደ ላይ ዞሮ ነበር። ፀሐዩ ፕላስቲኩን አደረቀው፣ ሰነጠቀው። ዝናቡ ቀሪውን ሠራ።

ልጁ "እና በቃ ፕላስቲኩን እንቀይረው?" አለኝ። ቀዳዳውን በጣቴ አሳየሁት። እስቲ ቀፎው ውስጥ ጋዝ ገብቶ ይፈንዳ። ትኩሱ ጋዝ በክዳኑ ጥርስ ተጠማዞ ለመውጣት ይታገላል? አይታገልም። ፕላስቲኩን ገፍቶ በዚህ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከነነበልባሉ። ይህ ሴንሰር ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ጥበቃ አልነበረውም። ጥሩ ሰሌዳ የተለጠፈበት ተራ ሳጥን ሆኖ ነው ዓመት ሊሞላው የተቃረበው። ውኃው ባይገባ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ውኃው እስኪገባ ድረስ ንባቡ ልክ ነበር እኮ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጅ ያለ ሴንሰር ውስጥ እርጥበት ሳይ ውኃውን ብቻ ጠርጌ አልዘጋም። በየት በኩል እንደገባ ሳላውቅ አልሄድም። ውኃ የገባበት ሁሉ ነበልባል ያስወጣል ማለት አይደለም። ጥርሱ ደህና ሆኖ ኦሪንጉ፣ ማለትም የክዳኑ የጎማ ቀለበት፣ ብቻ ቢጎድል ውኃ ሊገባ ይችላል። ግን ምን እንደጎደለ ሳያዩ ይኼ የትኛው ነው ማለት አይቻልም።

የማያገለግል ቀዳዳ የሚዘጋው ለዚያው የጥበቃ ዓይነት ማረጋገጫ ባለው የብረት መድፈኛ ነው። ጥርሱም ከቀዳዳው ጥርስ ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ተጠንቀቁ። ኤም20 የሚባለው ጥርስና ግማሽ ኢንች ኤንፒቲ የሚባለው ለዓይን ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው 20 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው 21.3። ጥርስ ከጥርስ ያለው ርቀትም በአንዱ 1.5 ሚሊሜትር፣ በሌላው 1.8 ገደማ ነው። አንዱ ሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ ይቆማል። የያዘ ይመስላል። "ዲ" ለሚባለው ቀፎ ግን ቢያንስ አምስት ሙሉ ጥርስ መያዝ አለበት። ስገጥም በእጄ ዙሩን እቆጥራለሁ። በእጅ ለስላሳ ሆኖ ካልገባ በቁልፍ አላስገድደውም፤ አውጥቼ ሁለቱንም እለካለሁ። ካልተጣጣሙ ማረጋገጫ ያለው መሸጋገሪያ አለ።

ስለ ውኃ ሌላም ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን እሱ ነውና። መድፈኛው ሁሉ ልክ ሆኖ እንኳ ቀፎው ሊረጥብ ይችላል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም እኩለ ቀን ላይ ድንገት ዝናብ ሲወርድበት፣ ውስጡ ይኮማተርና አየር ይስባል። አየሩ እርጥበት ይዞ ይገባል። ውስጥ ገብቶ ላብ ይሆናል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። ከወራት በኋላ ግን ከሥር ተጠራቅሞ ታገኙታላችሁ። ኬብሉ ራሱም መንገድ ይሆናል። በሽቦዎቹ መሀል ክፍተት ያለው ኬብል ከሆነ ከሌላኛው ጫፍ ውኃ እንደ ቀሰም ይስባል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ኬብሉ የሚገባው ከሥር ወይም ከጎን እንጂ ከላይ እንዳይሆን እጥራለሁ። ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ አጎንብሼ አስረዋለሁ፤ ጠብታው ከታችኛው ጉብጠት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቀፎው አይሄድም። የኬብል ግላንዱ፣ ኬብሉን መግቢያው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ክፍል፣ ለኬብሉ ውፍረት የተሠራ መሆኑን በካሊፐር ለክቼ አረጋግጣለሁ። ክፍተት ላለው ኬብል ውስጡን በሙጫ የሚደፍን ግላንድ እመርጣለሁ። እርጥበት በጣም በሚያስቸግርበት ቦታ ለዚያው ቀፎ የተፈቀደ ውኃ ማንጠባጠቢያ ይገጠማል።

የተፈቀደ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከሥሩ በድሪል የተበሳ ቀፎ አግኝቻለሁ። ውኃው እንዲወርድ ብሎ አንድ ሰው በሦስት ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በስቶታል። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ውኃ አስቸገረው፣ መላ መታ። ግን ለነበልባሉ በር ከፈተለት። ያንን ቀፎ ጠግነን መመለስ አልቻልንም፤ ተነቅሎ ሌላ ተተካ።

ሌላው መላ ሲሊኮን ነው። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ክዳኑ ጥርስ ላይ የሚለቀለቀው የሚደርቅ ሲሊኮን። እባካችሁ ተዉት። ጥርሱ ላይ ደርቆ መንገዱን ይደፍናል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ደግሞ በካቻቢቴ እየፋቀ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ሌላ ጉዳትም አለው። በሙቀት የሚሠሩት የጋዝ ሴንሰሮች፣ ፔሊስተር የሚባሉት፣ የሲሊኮን ትነት ይመርዛቸዋል። አንዴ ከተመረዙ ጋዝ ቢመጣ እንኳ በቂ ንባብ አይሰጡም። አንዱን ሴንሰር ከዝናብ ለማዳን ብላችሁ አጠገቡ ያለውን ታሳውራላችሁ። ለጥርሱ የሚሆነው የማይደርቅ፣ አምራቹ የፈቀደው ግሪስ ነው፤ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ውኃ የሚከለክለው ኦሪንጉ ነው። ኦሪንጉ ከተሰነጠቀ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ይቀየራል።

ፀሐይ ላይ ብዙ ሰው አይጨነቅም፤ መጨነቅ ግን አለበት። ሰሌዳው ላይ የአካባቢ ሙቀት ካልተጻፈ ማረጋገጫው የሚሠራው ከ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው። ቲ4 ወይም ቲ6 የሚባለው የሙቀት ምድብም በዚህ ላይ የቆመ ነው። ቲ4 ማለት የሴንሰሩ ገጽ ከ135 ዲግሪ አይበልጥም፣ ቲ6 ማለት ከ85 አይበልጥም ማለት ነው፤ ያም ግን የአካባቢው ሙቀት ከተባለው ካላለፈ ነው። ጥቁር ቧንቧ አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ስክሪኑ የጠቆረ ሴንሰር ካያችሁ ገጹን ለኩት። እኔ ጥላው ሥር 34 ዲግሪ በነበረበት ቀን ከ60 ያለፈ ቀፎ ለክቻለሁ። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል የቆርቆሮ ጥላ ነው። ግን ጥላው ራሱ ሥርዓት አለው። ክዳኑና ቀፎው በጥርስ ሳይሆን በጠፍጣፋ መጋጠሚያ የሚገናኙበት "ዲ" ቀፎ ከሆነ መጋጠሚያው ፊት ለፊት ግድግዳ፣ ብረት ወይም ቧንቧ መቅረብ የለበትም። ለቱ-ኤ 10 ሚሊሜትር፣ ለቱ-ቢ 30፣ ለቱ-ሲ 40 ሚሊሜትር ቢያንስ መራቅ አለበት፤ የሚወጣው ጋዝ እንዲበተን። መጋጠሚያው ላይ ተለጥፎ የተበየደ የፀሐይ መከላከያ አስነቅዬ አውቃለሁ።

አሁን ወደ "አይ" ልመለስ። የዚህ ጥበቃ ታሪክ ከከሰል ማዕድን ይጀምራል። በ1913 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ሴንገኒድ በተባለው ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 439 ቆፋሪዎች ሞተዋል። ለእሳቱ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የምልክት ደወል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። እንዲያ ያለች ትንሽ ብልጭታ ምን ያህል ስታንስ ነው አደጋ የማትሆነው የሚለው ጥናት አድጎ ዛሬ የምንጠቀምበት ሆነ።

በተግባር ሥራውን የሚሠራው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ባሪየር ነው። ቮልቴጁንና ከረንቱን የሚገድበው እሱ ነው። ስለዚህ ደጅ ያለው ሴንሰር ብቻውን ምንም አይደለም። ሴንሰሩ፣ ኬብሉና ባሪየሩ አብረው ሲቆጠሩ ነው ጥበቃው የሚኖረው። ባሪየሩ ሊያወጣ የሚችለው ቮልቴጅ፣ ከረንትና ፓወር ሴንሰሩ ሊቀበል ከሚፈቀድለት መብለጥ የለበትም። የኬብሉ ካፓሲታንስና ኢንዳክታንስም፣ ማለትም ኬብሉ ራሱ የሚያጠራቅመው ጉልበት፣ ይደመራል፤ ደጅ ኬብሉ ረጅም ነውና ይህን አትዝለሉት። ዜነር የሚባለው ዓይነት ባሪየር ከሆነ የራሱ ኧርዝ፣ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ያስፈልገዋል፤ እስከ ዋናው ኧርዝ ድረስ ከ1 ኦም በታች። ኧርዙ የላላ ባሪየር ይሠራል፣ ንባቡም ልክ ይመጣል፤ ጥበቃው ግን የለም።

አንድ ማታ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። አንድ የደረጃ መለኪያ ሴንሰር፣ ታንክ ውስጥ ፈሳሹ የት እንደደረሰ የሚለካ፣ ሞተ ተባለ። ተረኛው ችግሩ ባሪየሩ ይሁን ሴንሰሩ ለመለየት ባሪየሩን አልፎ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘው። ሴንሰሩ ነቃ። ባሪየሩን ቀየረና ሁሉን እንደነበረ መለሰ። ጠዋት መዝገቡ ላይ በሐቀኝነት ጽፎታል፤ ስለጻፈውም አመሰግነዋለሁ። ግን ያ ሴንሰር ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ መቆየት አልነበረበትም። ካልተገደበ ምንጭ ጋር አንዴ ከተገናኘ ውስጡ ያሉት መከላከያ ክፍሎች ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይታይም። አንሥተን ጋዝ በሌለበት ቦታ አዋልነው። ለተተኪው አንድ ሳምንት ጠበቅን። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላለውም፤ ሲገባው ግን ተቀበለው።

የጋዝ ሴንሰሮች ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል፤ እነሱ ራሳቸውን ብቻ ሳይሆን እኛንም የሚጠብቁ ናቸው። እዚህ ጋ እኔን የሚያስፈራኝ ዜሮ ነው።

የአንድ ፓምፕ ሴንሰር ለሁለት ወር ያህል ንጹሕ ዜሮ ሲያሳይ ቆየ። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያሉት ደስ ብሏቸዋል፤ አላርም አይጮህም። ለወርኃዊው ሙከራ ሄድኩ። የመሞከሪያ ጋዙን ለቀቅሁበት። ዜሮ። ጨመርኩ። አሁንም ዜሮ። የዝናብ መከላከያውን ከሥር ፈታሁት። ተርብ ጭቃ ጠፍጥፋ ቤቷን ሠርታበታለች። ጋዝ የሚገባበት በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላው የብረት ዲስክ ሙሉ በሙሉ በጭቃ ተሸፍኗል። ጭቃው ደርቆ እንደ ጡብ ጠንክሯል፤ በጥፍሬ ስነካው አልተፈረፈረም። ፔሊስተር ሴንሰር ሲታፈን አይናገርም። የታፈነው ሴንሰርና ንጹሕ አየር ላይ ያለው ሴንሰር የሚያሳዩት ቁጥር አንድ ነው። ከፓምፑ ጋዝ ቢያፈተልክ ኖሮ ማንም አይሰማም ነበር።

ያንን ጭቃ ሳይ ትዝ ያለኝ በንስፊልድ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ የነዳጅ ዴፖ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2005 ሌሊት አንድ ማጠራቀሚያ ታንክ ቤንዚን እየተሞላ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የደረጃ መለኪያው ተጣበቀ፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ባለበት ቆመ። ቤንዚኑ ግን መግባቱን ቀጠለ። ከዚያ በፊት ሦስት ወራት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መለኪያው 14 ጊዜ ተጣብቆ ነበር። ታንኩ ሊሞላ ሲል ራሱን ችሎ እንዲያቆም የተገጠመ ሌላ ማብሪያም ነበር። እሱ ደግሞ የሙከራ ማንሻው በመቆለፊያ መያዝ ነበረበት፤ መቆለፊያው ስላልተገጠመ አልሠራም። ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሰሰ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትነቱ ተቀጣጠለ። 43 ሰዎች ተጎዱ፤ እሑድ ንጋት ሆኖ እንጂ ብዙ ሰው ሊያልቅ ይችል ነበር።

ስለዚህ ደጅ ያለ የጋዝ ሴንሰር ስክሪን አይቶ ማለፍ በቂ አይደለም፤ ሴንሰሩ ራሱ የመሞከሪያ ጋዝ ማሽተት አለበት። የዝናብ መከላከያውን እያወለቃችሁ እዩ። የሸረሪት ድር፣ ጭቃ፣ ቀለም ቀቢ የረሳው ፕላስቲክ ሁሉ አጋጥሞኛል። የኢንፍራሬድ ሴንሰር ብርሃኑ ሲጋረድ ብልሽት መኖሩን ይናገራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ግን ሃይድሮጅንን አያይም፤ ሃይድሮጅን ያለበት ቦታ ላይ አትትከሉት።

ስትሞክሩ ነፋሱን አስቡ። ጋዙን በቱቦ ሴንሰሩ ፊት ብቻ ብትለቁት ነፋሱ ይወስደዋል። 50 ማሳየት የነበረበት 35 ያሳያል። ቴክኒሻኑ "ደክሟል" ብሎ ወደ 50 ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ሴንሰሩ ነፋስ በሌለበት ቀን በትንሹም በትልቁም ይጮኻል። ሰው ይሰለቻል። በመጨረሻ አላርሙን የሚያጠፋው አይጠፋም። ከሴንሰሩ ጋር የሚመጣውን ኩባያ መሰል መግጠሚያ ተጠቀሙ፤ አምራቹ በተናገረው የጋዝ ፍሰት። ጠርሙሱ ላይ ያለውንም ቁጥር አስተውሉ። የሚቴን ዝቅተኛ የመፈንዳት ወሰን፣ አየር ውስጥ መቀጣጠል የሚጀምርበት መጠን፣ በአንዱ ደረጃ 5 ከመቶ፣ በሌላው 4.4 ከመቶ ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ 2.5 ከመቶ ሚቴን ያለው ጠርሙስ በአንዱ ስሌት የወሰኑ 50 ከመቶ ነው፣ በሌላው 57 ገደማ። ሴንሰሩ የተስተካከለው በየትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትንኩት።

አተካከሉን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። ሚቴንና ሃይድሮጅን ይቀላሉ፤ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ለፕሮፔን ዝቅ፣ ለሚቴን ከፍ። ዝቅ ሲባል ግን ጎርፍ የሚደርስበትና ጭቃ የሚረጭበት እንዳይሆን።

ሰርተፊኬት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ "ኤክስ" የሚል ፊደል ካለ ልዩ ሁኔታ አለ ማለት ነው። ሰነዱን ፈልጋችሁ አንብቡ። እኛ ጋ አንድ ፕላስቲክ ገጽ ያለው ሴንሰር ነበር። ሁኔታው "በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ" ይላል፤ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ገጹ ላይ ብልጭታ ሊያስነሳ የሚችል ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። የጽዳት ሠራተኞቹ አቧራ በበዛ ቁጥር በደረቅ ጨርቅ ያሹት ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ሰነዱ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ስልክም አለ። ሰሌዳ ፎቶ ለማንሳት ብሎ ስልኩን የሚያወጣ ስንቱን አይቻለሁ። ለዚያ ቦታ የተፈቀደ ካልሆነ ስልኩ ራሱ የብልጭታ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ቴስተርም እንደዚያው። ሰሌዳውን ከመትከላችሁ በፊት፣ ወርክሾፕ ውስጥ ፎቶ አንሥታችሁ ከሴንሰሩ ቁጥር ጋር አስቀምጡት። ፀሐይ ከጊዜ በኋላ ሰሌዳውን ያነጣዋል፤ ያኔ ፎቶው ይጠቅማችኋል።

የዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 60079 ምርመራው ከሦስት ዓመት እንዳይዘል ይመክራል። ደጅ ላለ ግን እኔ ያን ያህል አልጠብቅም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ እዞራለሁ። ሁሉን አልከፍትም፤ በተከፈተ ቁጥር የሚጎዳ ነገር አለ። ከውጭ መድፈኛውን፣ ግላንዱን፣ የኧርዝ ሽቦውን፣ የክዳኑን መቆለፊያ ብሎን አያለሁ። ጥቂቱን መርጬ ውስጡን አያለሁ።

ያ ውኃ የወጣበት ሴንሰር ተቀይሯል። በቦታው የተተከለውን የገጠመው ያው ልጅ ነው። ቀዳዳውን ወደ ታች አዞረው፣ የብረት መድፈኛውን ዙሩን እየቆጠረ አስገባ። ከዝናቡ በኋላ አብረን ሄደን ከፈትነው። ማሰሪያዎቹ ደረቅ ናቸው፤ የክዳኑ ጥርስ ላይ የቀባው ግሪስ እንዳለ ያብረቀርቃል። ልጁ ዘጋው። ሊሄድ ሲል ተመለሰና መቆለፊያዋን ትንሽ ብሎን በብሩጎላ አጠበቃት። ከዚያ የሥራ ፈቃዱን ለመዝጋት ወረድን።